ይህ ቁጥር ተመዝግቧል

የባሌ ታናሽ ወንድም ሰው ሲሰድብ እንኳ «ይቅርታ አድርግልኝና» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናቱ በልጅነቱ «ጨዋው» አሉት፣ ስሙ በዚያው ጸና። በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» እያለ እንግዳን ብርድ ላይ የሚያቆም፣ ሰላምታው ተጀምሮ እስኪያልቅ የመጣህበትን ጉዳይ የሚያስረሳህ ሰው ነው። እኔ የታላቅየው ሚስት ነኝ፣ ለዚህ ቤት ምራት። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ባይረዝም ኖሮ ይህን የሚያወራ ሰው አይገኝም ነበር።

ጨዋው የሚሠራው ከቤታችን ምድር ቤት፣ መንገድ ዳር ባለው ክፍል ነው። ክፍሉ የሟች አባታቸው የልብስ ስፌት ቤት ነበር። የኮት መስቀያው ብረት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ክርና መርፌም ተጠርጎ አያልቅም። አሁን ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የሚንገጫገጭ ማራገቢያ አለበት። አንደኛው ጠረጴዛ የጨዋው ነው፣ ሌላው የሥራ ባልደረባው። ባልደረባው ከጠዋት እስከ ማታ አፉን ሳይከፍት ስለሚውል ዝምተኛው እንለዋለን። ሁለቱ ለሱቅና ለድርጅት ድረ ገጽ ይሠራሉ። አማቴ የድሮውን የስፌት መኪና ከጥጉ አላስነሣም ስላሉ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠው የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። የሚሰፉት ትንሽ ነው፣ የሚሰሙት ግን ብዙ።

ትልቁ ደንበኛቸው አንድ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ነው። ባለቤቱ ዶክተር ነው፤ በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አልልም። በእኛ ሰፈር እዚያ ክሊኒክ በር ላይ መታየት ማለት አለቀልህ ማለት ነው። ሰው ከታክሲው አስቀድሞ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጓሮ በኩል ነው የሚገባው። ዶክተሩ ድረ ገጹን ያሠራውም ለዚሁ ነበር፤ ታካሚው ማንም ሳያየው፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በስልክ ቁጥሩና በይለፍ ቃሉ ገብቶ ቀጠሮ እንዲይዝ።

የመግቢያውን ገጽ መጀመሪያ የሠራው ዝምተኛው ነበር። ሰው ሲሳሳት አንድ ደረቅ መስመር ብቻ ይወጣል፤ «ስልክ ቁጥሩ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።» ታካሚዎች ግራ ገባቸው። የተሳሳትኩት የቱን ነው እያሉ ወደ ክሊኒኩ መደወል አበዙ። ዶክተሩም እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ከማንሣት ሌላ ሥራ መሥራት አልቻለችም ብሎ ተቆጣ። ጨዋው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጨዋነቱን የሚያሳይበት አዲስ ቦታ አገኘ።

ሁለቱ ሲከራከሩ ሻይ ይዤላቸው ገብቼ ሰምቻለሁ። ጨዋው፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እያወቅን ሰውን ማንከራተት ነውር ነው አለ። ዝምተኛው ደግሞ አንዱን ከሌላው ለይተህ ከነገርክ ማንም መንገደኛ የሰው ቁጥር እያስገባ ታካሚ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይችላል፣ በየቦታው አድበስብሰው የሚጽፉትም ለዚህ ነው አለው። ከዚያ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጨዋው ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ የሰው ቁጥር ሲያስገባ የሚውል ሥራ ፈት ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀው። አማቴ ከጥጋቸው ሆነው መርፌ ውስጥ ክር ያስገቡ ነበር።

ከዚያ የማሳመሩ ሥራ ተጀመረ። ጨዋው እያንዳንዱን ቃል የሚፈትነው በእናቱ ነበር፤ እሳቸው ከገባቸው ለሁሉም ይገባል ባይ ነው። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ያስጠጋል፣ የሌለ ቁጥር ያስገባል፣ ምን ገባሽ ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጮክ ብለው ያነቡና፣ እዚህ ጋ «ይቅርታ» ጨምርበት፣ እዚያ ጋ «እባክዎ» ይግባበት ይላሉ። በመጨረሻ ሁለት መልእክት ተዘጋጀ። ቁጥሩ ኖሮ የይለፍ ቃሉ ብቻ ሲሳሳት፣ «እንኳን ደህና መጡ። ይህ ቁጥር ተመዝግቧል። የይለፍ ቃልዎ ግን ልክ አይደለም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ፣ «ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ታካሚ የለም» ይላል። ዶክተሩ በጣም ወደደው። የክሊኒኩ ስልክም ጸጥ አለ።

አማቴም ወደዱት። ብዙም ሳይቆዩ በእጅ ስልካቸው የማዶዋን ዳቦ ሻጭ ቁጥር ሞከሩ። «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው። ደስታቸውን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ራት ላይ አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ እሱኑ ሲያወሩ አመሹ። ቀጥለው የቤት አከራያችንን ወንድም፣ የአክስታቸውን ልጅ፣ ድሮ የተጣሏቸውን ጎረቤት ሞከሩ። የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ጣታቸው ያገኘውን ይነካካሉ፤ መሳሳታቸው ነው የሚፈለገው። ባሌ ሳቀ። ጨዋው «እማዬ፣ እሱ እኮ ለዚህ አልተሠራም» አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ።

ጨዋው ያኔ እጮኛ ነበረችው። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓይን ለክታ፣ ፍሬም መርጣ፣ ጆሮ ላይ እስኪመች ድረስ እያሞቀች የምታስተካክል ልጅ ናት። ረጋ ያለች፣ ሰው ስታነጋግር ፊት ለፊት የምታይ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አማቴ የያዙባት ቂም ያስቃል። መጀመሪያ እኛ ቤት የመጣች ቀን መርፌ ውስጥ ክር ሲሰኩ ተቸግረው አየቻቸውና፣ «እማማ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ልለካዎት?» አለቻቸው። ጎረቤት ተቀምጦ ነበር። «ዕውር አለችኝ» ብለው ለሰፈሩ አዳረሱት። መነጽሩን ሠርታ ስታመጣላቸው ግን ተቀበሉ፣ ከዚያ በኋላም ከዓይናቸው አላወረዱትም። የሰውን ሁሉ ቁጥር የሚለቅሙት በእሱ ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች የሚተዋወቁበት ምሳ ተቀጠረ። አማቴ ከመቼውም በላይ ተነሡበት። መጋረጃ አሳጠቡኝ፣ ወንበር አስወለወሉኝ፣ ዶክተሩም ይጠራ አሉ። ዶክተሩ ሌሎች ቅርንጫፎች ሊከፍት ነበር፤ የሁሉንም ሥራ ለጨዋው ሊሰጥ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ልጄ ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቀርብ የልጅቷ አባት ይዩ ብለው ነው አማቴ፣ እኛም አመንናቸው። የልጅቷን ቁጥር ከባሌ ስልክ ላይ አይተው አስቀድመው መሞከራቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ምሳውን የደገሱት መልሱን ካዩ በኋላ ነበር።

የልጅቷ አባት በደንብ የተተኮሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፈው መጡ። ደረጃው ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸውም ሐብሐቡን ለማንም አላስነኩም፣ ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲበሉ ጥቂት ነው ያወሩት፤ ያወሩትም ስለ ልጃቸው ነው። ጨዋው ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ ወንበር ያስተካክልላቸዋል፣ «ይጨምሩ አባቴ» ይላቸዋል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። ደስ ብሏት ነበር፣ ያስታውቃል።

ሻይ ሲቀርብ አማቴ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ቁጥርሽን እስቲ ንገሪኝ፤ መነጽሩ ሲላላብኝ እንድደውልልሽ።»

ነገረቻቸው። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን እየደጋገሙ አስገቡ። ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ታች ቢሮ ሲለማመዱበት በነበረው ድምፅ አነበቡት። «እንኳን ደህና መጡ። ይህ ቁጥር ተመዝግቧል።» ቀሪውንም «እባክዎ» ሳያጎድሉ ጨረሱት። ስልኩን ወደ ዶክተሩ ገፋ አደረጉና የእርስዎ አይደለም ወይ አሉት። ዶክተሩ አየት አደረገና አዎ፣ የክሊኒኩ ገጽ ነው አለ። ከሥሩ ብዙ ሐኪም ስላለ እሱ ራሱ የታካሚ ፊት የሚያየው ስንቴ ነው፤ ልጅቷ ታካሚው ትሁን አትሁን በምን ያውቃል?

የልጅቷ አባት ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። አማቴ አስረዷቸው። ልጅዎ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች፤ የእርስዎ ጉዳይ ነው፣ ነገር ግን ልጄን ልታገባ መጥታ ለእኛ አለመነገሩ አግባብ አይደለም አሉ። ድምፃቸው ማር ነበር። ልጅቷ ከኋላዋ የቆመ ሰው ያለ ይመስል አንዴ ዞር ብላ አየች።

«እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም።»

«ማሽን አይዋሽም የኔ ልጅ። የሚዋሸው ሰው ነው።»

ልጅቷ ወደ ጨዋው ዞረች። «አንተ ነህ የሠራኸው። ንገራቸዋ።»

የጨዋው ጆሮ በርበሬ መስሏል። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል፤ እኔ ግን ያኔ እፍረት መሰለኝ። ሁላችንንም ይቅርታ ጠይቆ፣ ታች ወርጄ ላጣራው ብሎ ተነሣ። ወንበሩን እንኳ ወደ ጠረጴዛው መልሶ ነው የሄደው።

የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ የከፋው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አባቷ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ተጠጉ። አልተቆጡም። በዚያ መሪ ሲያሽከረክር በኖረ ሰፊ እጃቸው እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ነው? ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እወስድሽ ነበር እኮ።»

«አባዬ፣ አልታመምኩም።»

«እሺ። እሺ ልጄ።»

ያቺን «እሺ» ሰምታችኋት ቢሆን። ለበሽተኛ የሚባል «እሺ» ነው። ልጅቷ አማቴን መቋቋም ትችል ነበር፤ አባቷን ግን እንዴት አድርጋ ትቋቋም? እጇን ከእጃቸው ሳታወጣ ቀረች፤ ያንንም ማመን አድርገው ቆጠሩት። አማቴ ሻይ ጨመሩላቸው።

እኔ መቀመጥ ስላቃተኝ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩና ወረድኩ። ዝምተኛው ለአዲሶቹ ቅርንጫፎች የሚሆነውን ሊጨርስ ቢሮ ገብቶ ነበር። ጨዋው ቆሞ፣ በባልደረባው ትከሻ ላይ አጎንብሶ የልጅቷን ቁጥር ያሳየዋል። ዝምተኛው ጣቱን እስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ «የመሞከሪያዋን አላጠፋሃትም ነበር እንዴ?» አለው።

ነገሩ ይኸው ነበር። ገጹ ሥራ በጀመረበት ቀን እንደ ታካሚ ሆኖ ገብቶ ማየት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ጨዋው በቃሉ የሚያውቀው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ የራሱንና የእሷን። ሁለቱንም ታካሚ አድርጎ አስገባቸው፣ ሠራ፣ ተደሰተ። በማግስቱ የራሱን አጠፋ። የእሷን ረሳው። የራሱን ግን አልረሳም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

እኔ ሞኟ «ተመስገን» አልኩ። ብርጭቆዎቹን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ፣ በል ውጣና ንገራቸው፣ አባቷ ሊሞቱ ነው አልኩት። እሺ እህቴ አለኝ። በሁለት ጣቱ አንድ ሁለት ቦታ ነካ አደረገና ቁጥሯ ከክሊኒኩ ጠፋ። ሸሚዙን አስተካክሎ ቀድሞኝ ወጣ። ደረጃውን ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ላይ ደርሶ እናቱን እንደገና ይሞክሩት አላቸው። አማቴ ሞከሩት። «ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ታካሚ የለም።» ልጅቷ ስትተነፍስ ሰማኋት። አማቴ ግን ስልኩን አገላብጠው አዩና «ታዲያ አሁን አጥፍተህላት መጣህ ማለት ነዋ» አሉት። እዚህ ላይ እንኳ ነገሩ ይድን ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ጨዋው አፉን ከፈተ። ዶክተሩ ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ ቀደመው።

«ቆይ እስቲ፣ ታክሞ የማያውቅ ሰው የእኔ ክሊኒክ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል እንዴ? ሥራህ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹን ቅርንጫፎች አምኜ እንዴት እሰጥሃለሁ?»

አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የክሊኒኩን ምስጢር ማዕድ ላይ ሲዘረግፍ አይቶ ዶክተሩ የተጨነቀው ስለ ቅርንጫፎቹ ነው። ጨዋው የጠረጴዛው ልብስ ላይ የወደቀች የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ወደ ሰሃኑ ጠረገ። እሷ ታየዋለች። አባቷ ያዩታል። ሁላችንም እናየዋለን።

«ሲስተሙ ስህተት የለበትም፣ ዶክተር» አለ በመጨረሻ። «ያጠፋሁት ለእሷ ክብር ስል ነው። ማድረግ አልነበረብኝም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጮኽኩ። አልክድም፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የጮኽኩት። ውሸት ነው፣ ለመሞከሪያ ራሱ ነው ያስገባት፣ አሁን በዓይኔ አይቼ መጣሁ አልኩ። አማቴ አንቺ ደግሞ በማይመለከትሽ አትግቢ አሉኝ። ባሌ እጄን ጎተተኝ። ጨዋው ግን አልተቆጣም፣ መቼ ተቆጥቶ ያውቃል። በዚያ ለስላሳ ዓይኑ አየኝና፣ «እህቴ ልቧ ሩኅሩኅ ስለሆነ ነው። አመሰግንሻለሁ፤ ግን መደበቁ እሷን አይጠቅማትም» አለ።

ወደ ደረጃው ሮጬ ዝምተኛውን ጠራሁት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዶክተሩ፣ ሴትዮዋ የምትለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ዝምተኛው መጀመሪያ ጨዋውን አየ፣ ከዚያ ዶክተሩን፣ ከዚያ የጫማውን ጫፍ። እኔ የታካሚ ስም አላይም፣ የእኔ ሥራ ሌላው ነው አለ። በዕድሜው አንዴ ቢናገር ምን ነበረበት? ተመልሶ ወረደ።

ልጅቷ ተነሣች። ብትሞት አታለቅስላቸውም። ጨዋውን ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ እስከ መጨረሻው ይናገራል ብላ የጠበቀች መሰለኝ። እሱም ተነሥቶ ኮቷን ሊያለብሳት ዘረጋላት። ከእጁ ተቀብላ ራሷ ለበሰችው። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረች።

«እማማ፣ መነጽሩ በደንብ ያሳይዎታል?»

«በደንብ ነው የሚያሳየኝ።»

«ጥሩ» አለች።

አባቷ ክንዷን ይዘው አወረዷት። አንድ ደረጃ ሲወርዱ ቆም ይላሉ፣ እግሯ ቦታ መያዙን አይተው ነው የሚቀጥሉት። ስትመጣ ያንኑ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የወጣች ልጅ ናት። ሐብሐቡን ማንም አልቆረጠውም፤ በስብሶ እስኪሸት ጠረጴዛው ላይ ቆየና እኔ ጣልኩት።

የቅርንጫፎቹ ሥራ ለጨዋው ተሰጠው። አዲስ ጠረጴዛ ገባ፣ ማራገቢያው ተቀየረ። መልእክቱ ግን እንደነበረ ቀረ፤ እንዲያውም ዶክተሩ ስለወደደው በየቅርንጫፉ ያው ሆነ። ጨዋው ለልጅቷ ረጅም ደብዳቤ እንደ ጻፈላት ሰማሁ፤ ቤተሰቤን ማስቀየም ስላልቻልኩ ነው፣ በማንኛውም ጊዜ ከጎንሽ ነኝ የሚል። «ከአክብሮት ጋር» ብሎ እንደ ጨረሰው መገመት አያቅተኝም።

አባቷን ላስረዳ ቤታቸው ሄድኩ። እውነት ነው የያዝኩት፣ ምን ይከብደኛል ብዬ። ሰውየው በሥርዓት አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ የመሞከሪያውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ስነግራቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ እጄን ያዙና፣ «እግዜር ይስጥሽ። ልጁም እንዳንቺው ደግ ነው፤ ሊሸፍንላት ስንት ደከመ» አሉኝ። ያኔ ነው የጨዋው ቃል ምን እንደ ሠራ የገባኝ። «ለክብሯ ስል ነው» ካለ በኋላ፣ ለእሷ የሚመሰክር ሁሉ አዛኝ ነው፣ አልታመምኩም ስትል ደግሞ ሕመሙ ነው። ውሸት ቢሆን ባስተባበልኩት፤ ደግነትን በምን አስተባብላለሁ?

ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ስገባ እሷ እዚያ ነበረች፣ በእጇ ዳቦ ትቆራርሳለች። ቢላዋ የት ሄደ አልኳት። አባቷ ሁሉንም ሰብስበው አልጋቸው ሥር አስገብተውታል። የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያም ነቅለውታል። ሌሊት በየሰዓቱ እየተነሡ በሯ ላይ ቆመው ትንፋሿን ያዳምጣሉ፤ ቀን ከመነጽር ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። አሠሪዋ ወሬው ደርሶት ከደንበኛ አርቋት ጓሮ ሌንስ እንድትወለውል አድርጓታል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ረጋ ያለ ነው። እኔ ደሜ ፈልቶ፣ ሄጄ ዶክተሩን ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ አዋርደዋለሁ አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። «በተከራከርን ቁጥር አባዬ ይበልጥ ይፈራል። ከስቷል፣ አላየሽውም? እንቅልፍ የሚባል ከተኛ ቆየ። ልታከም እሺ ካልኩት ብቻ ነው የሚተኛው።»

እንዳትሄጂ ብዬ ለመንኳት። ዳቦውን መቆራረስ ቀጠለች።

አማቴ በበኩላቸው ቁጥሯን መሞከር አልተዉም። ምን እንደሚፈልጉበት አላውቅም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያይ ሰው በየቀኑ አንዴ ያዩታል። «ይቅርታ እንጠይቃለን» ሲላቸው ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ስገባ የስፌት መኪናው ቆሟል፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ። «እንኳን ደህና መጡ። ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ይላል።

ሻዩን እንደያዝኩ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ጨዋውን፣ አንተ ነህ ያስገባሃት፣ እንደገና ልትጫወትባት ነው አልኩት። እሱ አልነበረም። ዝምተኛው ሳልጠይቀው ከፍቶ አሳየኝ። የተመዘገበችው የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው፣ በክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ እጅ። አስታማሚ በሚለው ቦታ ላይ «አባት» ተብሎ ተጽፏል። መድኃኒት ታዞላታል። ዝምተኛው ያን ካሳየኝ በኋላ ተነሥቶ ወጣ፣ ኮምፒውተሩን እንኳ አልዘጋም።

«አላልኳችሁም?» አሉ አማቴ።

ጨዋው ወደ እስክሪኑ ተጠግቶ ስሟን አነበበ። ሁለቴ ሳያነበው አልቀረም። ከዚያ ትከሻው ሲወርድ አየሁት፣ ትልቅ ሸክም እንዳራገፈ ሰው። ከዚያች ምሳ ጀምሮ አፍኖ የያዘውን ትንፋሽ ተነፈሰ። የዋሸው ውሸት እውነት ሆኖለታል፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም ሊለው አይችልም። ሻዩን ከእጄ ተቀበለ፣ አመሰገነኝም።

«እንኳን ሄደች» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ቶሎ ይሻላታል።»